ጡረታ የሚበላ የጦር ጉዳተኛ ያለበት ቤት ሴፍቲኔት ይገባል? በጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አባታችሁ ጡረታ ይበላል» ተብለን ከሴፍቲኔት ምልመላ ቀረን። ጡረታ መኖሩ ብቻ ያስቀራል?

አያስቀርም። ብዙ ቤት የሚጎዳው ይህችን አንዲት ነገር ባለማወቅ ስለሆነ በደንብ እንያት። የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለምግብ ችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጠው ፕሮግራም) መመዘኛ የሚመለከተው የቤቱን ጓዳ ነው፤ የአባወራው መጠሪያ ጡረተኛም ይሁን ገበሬ ለውጥ የለውም። የሚጠየቁት ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው። ቤተሰቡ ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ ቢያንስ 3 ወር የሚበላው አጥቶ ያውቃል ወይ? በድንገተኛ አደጋ ሀብቱን አጥቶ ራሱን መመገብ ተስኖታል ወይ? ከዘመድ ወይም ከሌላ ማኅበራዊ ዋስትና የሚያገኘው ድጋፍ አለ ወይ? ከዚህ ሌላ የመሬቱ ስፋትና ለምነት፣ ከብቱ፣ የሰው ጉልበቱ፣ ከእርሻ ውጭ የሚያገኘው ገቢና ከዘመድ የሚላክለት ገንዘብ ይታያል።

ጡረታው የሚገባው በሦስተኛው ጥያቄና በገቢው ግምት ላይ ነው። ስለዚህ ይመዘናል እንጂ በር አይዘጋም። ስህተቱ የሚፈጠረው መዝጋቢው «ጡረተኛ» ብሎ ጽፎ መጠኑን ሳይጠይቅ ሲያልፍ ነው። አንድ ሺህ ብርም አምስት ሺህ ብርም ሁለቱም «ጡረታ» ይባላሉ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃው ለስምንት ሰው አይበቃም። መዝገቡ ላይ ከቃሉ ጎን የብሩ መጠንና የቤተሰቡ ቁጥር አብረው እንዲጻፉ ይጠይቁ። መዝጋቢው እስኪጽፈው አጠገቡ ይቁሙ።

ተገላቢጦሹስ? ሴፍቲኔት ብገባ ጡረታዬ ይቀነሳል?

አይቀነስም። ጡረታ በአገልግሎትና በአካል የተከፈለበት መብት ነው፤ የሚሰላው ከደመወዝ እንጂ ከድህነት አይደለም። የጡረታ አስተዳደሩ ቀበሌዎ እህል ሰጠዎት ብሎ ከአበልዎ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ሴፍቲኔት በጎጃም የት የት አለ?

በሁሉም ወረዳ የለም። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። በጎጃም እነዚህ የሚገኙት በምሥራቅ ጎጃም የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ባሉ ወረዳዎች ነው፤ እነብሴ ሳር ምድርና ሸበል በረንታ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ትርፍ አምራች በሚባሉት የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የሚኖር የጦር ጉዳተኛ ምንም ያህል ቢቸገር ቀበሌው በገጠር ሴፍቲኔት ሊመዘግበው አይችልም፤ ኮታው ለወረዳው አልተሰጠምና። ከቀበሌው ምልመላ ኮሚቴ ጋር መጣላት ጊዜ ያባክናል። እንዲህ ባለ ወረዳ ያሉት በሮች የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ፣ ወረዳው የሚከፍልለት የጤና መድንና የቀበሌው ማኅበራዊ ድጋፍ ናቸው።

የከተማው ሴፍቲኔት ሌላ ፕሮግራም ነው። በ2009 በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ያኔ የነበረችው ደሴ ብቻ ነበረች፤ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ የቤቱ ይዞታና የኑሮው ሁኔታ በመጠይቅ ተሞልቶ ነጥብ ይወጣለታል፤ ሕዝቡም ይመክርበታል። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ከተማ የገባ ቤተሰብ በሁለቱም ቦታ መመዝገብ አይችልም።

«ጡረታ» ስል የትኛው ክፍያ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ልዩነት አለው?

ትልቅ ልዩነት አለው። ከወታደራዊ አገልግሎት የሚመጣ ክፍያ በአራት መልክ ይታያል፦

የአገልግሎት ጡረታ በአገልግሎት ዘመን ላይ ተመሥርቶ በየወሩ የሚከፈል ነው። የጉዳት ጡረታ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከአገልግሎት ለተሰናበተ ሰው በየወሩ ይከፈላል። የጉዳት ዳረጎት ደግሞ በጉዳቱ መቶኛ ልክ ተሰልቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። የተተኪ ጡረታ ወታደሩ ሲሞት ለሚስት፣ ለልጅና ለወላጅ የሚቀጥለው ነው።

ጡረታዎ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ዘመን የተከበረ ከሆነ፣ የጉዳት ጡረታው ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት በነበረው ወር ይከፈልዎት ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው፤ የአገልግሎት ጡረታው የሚበልጥ ከሆነ የሚበልጠው ይከፈላል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰ ነው የሚታሰበው፤ መቶኛውን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ይህን አዋጅ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተክቶታል። ስለዚህ የመብት ማሳወቂያ ደብዳቤዎ ላይ ያለው ቀንና የአዋጅ ቁጥር ቁም ነገር አለውና ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪስ ውስጥ አያስረጁት። ፎቶ ኮፒውን ይዘው ይዙሩ፤ ዋናው ከቤት አይውጣ።

ምሳሌ እንውሰድ። ጉዳቱ ሲደርስበት 4,000 ብር ደመወዝ የነበረው ወታደር የጉዳት ጡረታው 1,880 ብር ይሆናል። ያ ደመወዝ የቆየ ከሆነ ጡረታውም ከዚያ ዘመን ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ በየጊዜው የሚደረገው ማስተካከያ ከገበያው ጋር እኩል አይሄድም። ኮሚቴው ፊት «ወታደር ነበር፣ ደህና ይከፈለዋል» የሚባለው ግምት የሚፈርሰው ይህ ቁጥር ሲነገር ነው።

ጡረታዬ እንደማይበቃ እንዴት ላስረዳ?

በብር አያስረዱ፤ በእህል ያስረዱ። የሴፍቲኔቱ የራሱ መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት 90 ኪሎ እህል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ከላይ ያለውን 1,880 ብር እንያዝ። በመጀመሪያ ጉዳቱ ራሱ የሚበላውን ይቀንሱ፦ መድኃኒት፣ የቁስል መጠቅለያ፣ ለቀጠሮ ወደ ሆስፒታል የሚከፈል ትራንስፖርት (መንገደኛው ብቻውን ስለማይሄድ የሁለት ሰው)፣ የምርኩዝ ላስቲክ። ይህ በወር 500 ብር ቢሆን 1,380 ብር ይቀራል። በቅዳሜ ገበያ በቆሎ ኪሎው 45 ብር ነው ብንል ጡረታው የሚገዛው 30 ኪሎ ገደማ ነው። 30 ኪሎ የሁለት ሰው ቀለብ ነው፤ አራቱ ሰዎች ከየት ይብሉ? ጨውና በርበሬ፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተር ገና አልተነሡም።

ይህ የመመሪያ ቀመር አይደለም፤ ኮሚቴ ፊት ነገሩን ግልጽ የሚያደርግ ስሌት ነው። ዋጋውን በሰፈርዎ ገበያ ይተኩት። ከዚያ የእርሻውን ምርት ይጨምሩ፤ አይደብቁ። ጎረቤትዎ በስብሰባው ላይ ተቀምጧል፤ ስንት ቁና እንዳገቡ ያውቃል። አንድ ነገር የደበቀ ሰው ሌላው እውነቱም አይታመንለትም።

መሬቴን በእኩል ሰጥቻለሁ፤ ስፋቱ ግን በሙሉ እየተቆጠረብኝ ነው።

ይህ በጦር ጉዳተኞች ላይ በብዛት የሚደርስ ነው። እግሩን ወይም እጁን ያጣ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፤ አራት ቃዳ መሬት ቢኖረው ለእኩል አራሽ ይሰጣል። የይዞታ ደብተሩ ላይ አራት ቃዳ ይነበባል፤ ጎተራ የሚገባው ግን የሁለት ቃዳ ምርት ነው፤ ዘርና ማዳበሪያ የሚያወጣው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሲሶ ከሆነም እንዲሁ።

መፍትሔው ከአራሹ ጋር ያለውን ውል በጽሑፍ ማድረግ ነው። የአካባቢው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ዘንድ ያስመዝግቡት፤ አራሹም በምልመላው ስብሰባ ላይ ቆሞ ይመስክር። በቃል የተሰጠ መሬት መዝገብ ላይ ሙሉ ሆኖ ይኖራል።

አካል ጉዳተኛ ነኝ። ያለ ሥራ የሚሰጠው «ቀጥታ ድጋፍ» ወዲያው ይገባኝ የለም?

የግድ አይደለም። ቀጥታ ድጋፍ የሚመለከተው ቤተሰቡን ነው፤ ጉዳተኛውን ለብቻው አይደለም። በቤቱ መሥራት የሚችል ጤነኛ አዋቂ ከሌለ ቤተሰቡ ያለ ሥራ በዓመት 12 ወር ይደገፋል። የ25 ዓመት ልጅ ወይም ጤነኛ ሚስት ካለች ግን ቤተሰቡ በማኅበረሰብ ሥራ ይመደባል፤ እርከን፣ የውኃ ማሰባሰቢያ፣ የመንገድ ጥገና ይሠራል፤ ክፍያውም በዓመት 6 ወር ነው። የሥራው መጠን በአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ የጉዳተኛውን የሚሠሩለት ጤነኞቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት እናያለን። አንደኛው፣ ጉዳተኛውን ራሱን «ቀላል ሥራ ይሠራል» ብሎ እርከን ላይ ማሰማራት ነው። በሕክምና ቦርድ ጉዳቱ የተረጋገጠ ሰው ወረቀቱን አሳይቶ መቅረት አለበት። ሁለተኛው፣ ባሏን አልጋ ላይ የምታነሳ የምታስተኛ ሚስት እንደ ነፃ ጉልበት መቆጠሯ ነው። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ቁስል መጥረግ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን የሚገልጽ ማስረጃ ወስደው ምልመላውን ለሚመራው የቀበሌው ግብረ ኃይል ይስጡ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከሥራ ነፃ ሆና ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች።

ዳረጎት አንድ ጊዜ ተቀብዬ ነበር። ዛሬም ይቆጠርብኛል?

ገንዘቡ ካለቀ መቆጠር የለበትም፤ ወርኃዊ ገቢ አይደለምና። የገዛልዎት በሬ ወይም ቤት ካለ ግን በሀብትነት ይታያል። «ወታደሩ ብዙ ብር ተቀብሏል» የሚለው ወሬ ከገንዘቡ ዕድሜ በላይ ስለሚኖር፣ የተቀበሉበትን ዓመት የሚያሳይ ወረቀት ቢኖርዎት ይጠቅማል።

ልጃችን ጎጆ ወጥቷል። የእኔ ጡረታ በእሱ ላይ ይቆጠራል?

ልጁ ለብቻው ምድጃ ካነደደ፣ ለብቻው ካረሰ፣ ለብቻው ከበላ የተለየ ቤተሰብ ነው፤ የአባቱ ጡረታ የእሱ ገቢ አይደለም። አባቱ በየወሩ የሚያካፍለው ከሆነ ግን ያ የዘመድ ድጋፍ ተብሎ ይታያል።

በወረቀት ብቻ ቤት መክፈል ግን ይቅር። ጡረታውን ለመሸሽ ሲባል አብረው እየበሉ «ተለያይተናል» ያሉ ቤተሰቦች በሕዝብ ስብሰባ ላይ ሲጋለጡ ሁለቱም ይወጣሉ። ከዚያ የከፋው፣ ጉዳተኛው ለብቻው እንደሚኖር ሽማግሌ ሆኖ መመዝገቡና የቤተሰቡ ቁጥር ወደ አንድ መውረዱ ነው። ያን ጊዜ 1,880 ብሩ ለአንድ ሰው ይካፈልና «ይበቃዋል» ይባላል። እውነተኛውን የቤተሰብ ቁጥር መያዝ ለጡረተኛ ቤት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ባለቤቴ አርፏል። የተተኪ ጡረታው ስንት ነው? በምልመላስ እንዴት ይታያል?

በአዋጅ 714/2003 መሠረት ለሚስት የሟቹ ጡረታ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። ድምሩ ከ100 በመቶ አይበልጥም። በምሳሌያችን ሚስት 940 ብር፣ እያንዳንዱ ልጅ 376 ብር ያገኛል፤ ሁለት ልጆች ካሉ ቤቱ የሚያገኘው 1,692 ብር ነው። አንደኛው ልጅ 18 ሲሞላው 376 ብሩ ይቀራል፤ ልጁ ግን እዚያው ቤት ይበላል። በሚቀጥለው ምልመላ ይህን ለውጥ ማስመዝገብ የእናትየው ፈንታ ነው፤ ማንም አይነግራትም።

ሌላው የሚዘነጋው ጊዜ ነው። የጡረታ ሕጉ ለውዝፍ ክፍያ ጥያቄ የይርጋ ገደብ አለው። ከተዝካር በኋላ እያሉ ማቆየት ገንዘብ ያስቀራል። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወዲያው ይውሰዱ። በዕድር መዝገብና በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ብቻ የቆየች ሚስት ማስረጃ ለማሟላት ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርባት ይችላል። ተተኪ ጡረታው ገና በሂደት ላይ ሳለ ደግሞ ቤቱ ገቢ የለውም። ለኮሚቴው «ይከበርላታል» የሚለው ተስፋ ጓዳ አይሞላም፤ የሚመዘነው ዛሬ እጅ ላይ ያለው ነው ብለው ይከራከሩ።

ምን ምን ወረቀት ይዤ ልቅረብ?

የጡረታ መብት ማሳወቂያ ደብዳቤ ቅጂ፣ የሕክምና ቦርድ ውጤት፣ ጡረታው የሚገባበት የባንክ ደብተር የመጨረሻዎቹ 3 ወራት መግቢያ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የይዞታ ደብተር፣ የእኩል ውል ካለ እሱም። የባንክ ደብተሩ ከሁሉ ይበልጣል። ብድር የሚቆረጥበት ጡረተኛ ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥርና እጁ የሚገባው ቁጥር ይለያያሉና ሁለቱንም ያሳይ።

በጦርነትም ሆነ በመፈናቀል ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ለጡረታ አስተዳደሩ በጡረታ መለያ ቁጥሩ አመልክቶ ምትክ ይጠይቅ። መለያ ቁጥሩን በቃል መያዝ ወይም ለሁለት ልጆች ማስጻፍ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ስሜ አልወጣም። ለማን አቤት ልበል?

የተመረጡት ስም ዝርዝር በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፤ የሚለጠፍም ነው። የማኅበረሰብ ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ስለሚካሄድ ምልመላው ከዚያ ቀደም ብሎ ይጠናቀቃል። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚነገረውን ማስታወቂያ ይከታተሉ፤ ጉዳተኛው መሄድ ካልቻለ ጠንቀቅ ያለ ሰው ይወክል።

ስሙ ሲነበብ ከሌለበት እዚያው ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጥሎ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ምልመላውን የሠሩት ሰዎች እዚህ ኮሚቴ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። መልስ ካልተሰጠ ወይም ካላረካ ወደ ወረዳው ይወጣል። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የቤተሰብ ቁጥር፣ የጡረታ መጠን፣ የመሬትና የምርት መጠን፣ በዓመት ስንት ወር እንደሚቸገሩና የትኞቹ ወራት እንደሆኑ። «ለሀገሬ ደሜን አፍስሼ» የሚለው እውነት ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ግን መመዘኛው ላይ ነጥብ አያስገኝም፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ መሆኑ ያስገኛል። ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስደርጉ።

ደሃ ተብሎ በአደባባይ መጠራትን የሚጠሉ አሉ፤ በተለይ የቀድሞ መኮንኖች። ስሜቱን እንረዳለን። ነገር ግን አባት ዝም ሲል የሚራቡት ልጆች ናቸውና ሚስት ወይም የመጀመሪያ ልጅ በስሙ ቆመው እንዲናገሩ ይፍቀድ።

ጡረታዬ ጨመረ። ወዲያው ከሴፍቲኔት እወጣለሁ?

ምልመላው በየዓመቱ ስለሚከለስ ጭማሪው በክለሳው ይታያል። የሚያስወጣው ቤተሰቡ ራሱን መመገብ መቻሉ ነው፤ ጭማሪ መኖሩ ብቻ አይደለም። አዲሱን መጠን ራስዎ ቀድመው ያስመዝግቡ። በተቃራኒው፣ በሕይወት የመኖር ማረጋገጫ ሳይቀርብ ቀርቶ ጡረታው ሲታገድ መዝገቡ ላይ ግን እየተከፈለ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን የባንክ ደብተሩን አሳይተው ገቢው መቋረጡን ያስመዝግቡ፤ እገዳውንም ጎን ለጎን ያስነሡ።

የጤና መድንስ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከጀመሩት የአማራ ክልል ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነው፤ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል፤ ዝርዝሩን ቀበሌው ያወጣል። ይህ ዝርዝርና የሴፍቲኔት ዝርዝር ሁለት ናቸው። ቀጥታ ድጋፍ የገባ ጉዳተኛ ነፃ መድንም እንዳገኘ አድርጎ ይገምትና ሆስፒታል ሲደርስ ካርድ የለውም። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባለው የምዝገባ ወቅት ስምዎ በሁለቱም ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በወላጅ ካርድ አይታከሙም፤ ተጨማሪ መዋጮ ይጠይቃሉ።

ሚሊሻ ሆኜ ነው የቆሰልኩት፤ ጡረታ የለኝም።

የጡረታ አዋጁ የሚሸፍነው ደመወዝ እየተከፈለው በቋሚነት ያገለገለውን ነው። ጡረታ የሌለው ቁስለኛ ምልመላው ላይ የሚመዘንበት የጡረታ ገቢ የለም፤ እንደማንኛውም ችግረኛ ቤተሰብ ይታያል። ችግሩ ጎረቤት «ወታደር አልነበር፣ ጡረታ አለው» ማለቱ ነው። ይህን የሚሰብረው ከቀበሌው ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ያለ ደመወዝ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። በ1983 የተበተነው የቀድሞ ሠራዊት አባል ሆኖ ጡረታ ያልተከበረለትም እንዲሁ የጡረታ ገቢ እንደሌለው ቤተሰብ ይታያል።

ክፍያው የሚሰጥበት ቦታ ሩቅ ነው፤ መሄድ አልችልም።

ወኪል ያስመዝግቡ። የወኪሉ ስም በተጠቃሚ ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ከፋዩ ይመልሰዋል፤ በክፍያው ቀን ደብዳቤ ይዞ መሄድ አይበቃም። ካርዱ ሲሰጥ የሚስት ስምም አብሮ ይጻፍ፤ ባል ሆስፒታል በተኛበት ወር ክፍያው የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከተቀበሉ በኋላ ወኪሉ ፊት ኪሎውን ወይም ብሩን ቆጥረው ካርዱ ላይ ከተሞላው ጋር ያስተያዩ፤ ካልተስማማ በዚያው ሳምንት ለቅሬታ ሰሚው ያመልክቱ።